«ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው» ተብላ ለተመለሰችው

«ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ አያያዝ ተመርቄአለሁ። ልጅ ሳለሁ በደረሰብኝ የመኪና አደጋ ምክንያት በክራንች ነው የምሄደው። የጽሑፍ ፈተናውን ሁለተኛ ወጥቼ ለቃለ መጠይቅ ብቀርብ ‹ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ትቸገሪያለሽ› ብለው ሸኙኝ። አባቴ ከዘጌ ቡናው ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ሱቅ ሊከፍትልኝ ነው። አጎቴ ‹ያለ ዘመድ ሥራ የለም› ይለኛል። የወጪ መጋራት ዕዳም አለብኝ። ለሚቀጥለው ሳመለክት እግሬን ልደብቅ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ያፈርሁት እኔ ነኝ። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ። «ሙሉ ጤንነት ያለው» የሚለውን መስመር ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ካለፈው ማስታወቂያ እገለብጠዋለሁ፣ ቀኑን እቀይራለሁ፣ ማኅተም ያርፍበታል። የቃለ መጠይቅ ቅጻችን ላይ ደግሞ «አቀራረብና ቁመና» የሚል 10 ነጥብ የሚያሰጥ ረድፍ ነበር። አንድ ቀን የክራንች ድምፅ ከደረጃው ሲሰማ አጠገቤ የተቀመጠው የኮሚቴ አባል እስክሪብቶውን አነሣና በዚያ ረድፍ ላይ 3 ጻፈ። ልጁ ገና በሩን አልከፈተም። ሥራው የንብረት መዝገብ መያዝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ። እኔም አየሁ፤ ዝም አልሁ።

ስለዚህ «ትቸገሪያለሽ» ያሉሽ ሰዎች አዝነውልሽ ነው ብለሽ አትለፊው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ከአቅሙ በላይ ካልሆነበት በቀር የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያስገድዳል። አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ወደ ምድር ቤት ማውረድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስም አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በአሠሪው ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ የሰው ኃይል ኃላፊ እንዲህ ያለ ቃል በአፉ አይናገርም ነበር።

አትደብቂ። ማመልከቻው ላይ ግን የሕክምና ታሪክሽን አትዘርዝሪ፤ እሱ የትምህርትሽና የችሎታሽ ቦታ ነው። ለፈተና ሲጠሩሽ ደውዪና «በክራንች ስለምሄድ ፈተናው ምድር ቤት ይሁንልኝ» በይ። «ይቅርታ» አትጨምሪበት። ቃለ መጠይቁ ላይ ጥያቄው ሲነሣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ የሚያስፈልገኝ ይህ ነው፣ ሥራውን የምሠራው እንዲህ ነው።

ወደ አባትሽ ልምጣ። ሱቁ የፍቅር ሥራ እንደሆነ አይጠፋኝም። ነገር ግን ልጃቸው ሂሳብ ተምራ ፈተና ስታልፍ የቡናቸውን ገንዘብ አውጥተው ቤት ሊያስቀምጧት ነው። ኮሚቴው በሦስተኛ ፎቅ የተናገረውን እሳቸው በሱቅ እየደገሙት ነው፤ ይህን በአክብሮት ንገሪያቸው። ንግድ ብትወጂ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ግን ስለ ንግድ አንድም የደስታ ቃል አላየሁም። ወረቀት ያሳደገኝ ሰው ስለሆንሁ ይሆናል፣ ውጤት በሰሌዳ የሚለጠፍበት ትልቅ መሥሪያ ቤት ይሻልሻል እላለሁ፤ እዚያ ቢያንስ የሚጠየቅ ቃለ ጉባኤ አለ።

አጎትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ሆኖም በዘመድ የገባ በዘመድ ይወጣል። የወጪ መጋራቱ ዕዳ ስትቀጠሪ ከደመወዝሽ እየተቆረጠ ያልቃል፤ እንቅልፍ አይንሣሽ።

በዚህ ሳምንት ለሸኙሽ መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊላቸው። የጽሑፍና የቃለ መጠይቅ ውጤትሽን፣ ያልተመረጥሽበትን ምክንያትም በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። የተባልሽውን ቃል ከነቀኑ አስፍሪበት። ለማስገባት ሦስተኛ ፎቅ አትውጪ፤ መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ከሆነ እዚያው ስጪና ቅጂሽ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቺ። የእኛም መዝገብ ቤት ምድር ቤት ነበር፤ ለዚያ ልጅ የሚሆን ባዶ ጠረጴዛም ነበረው።