ያለ መኪና የአልዛስን የወይን መንደሮች በ2 ቀን

በምሥራቅ ፈረንሳይ ያለውን አልዛስን መኪና ሳንከራይ መጎብኘት ይሆናል ወይ ላልሽው፣ ይሆናል። ማደሪያችሁን ግን ካሰባችሁት ከስትራስቡርግ ከተማ ወደ ኮልማር ከተማ ቀይሩት፤ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ብስክሌት ተከራይታችሁ ኤግስሃይም የሚባለው መንደር ሂዱ፤ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። መንደሩ ክብ ስለሆነ ጠባቧን የዳር መንገድ ከያዛችሁ ዞራችሁ የጀመራችሁበት ትመጣላችሁ። ግድግዳው ሁሉ ጣውላና አበባ ነው። ወይን ስትቀምሱ፣ ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) ነው፤ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸት ካማራችሁ ጌቩርትስትራሚነር የሚባለውን ነጭ ወይን ጠይቁ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ሪክቪር ወደሚባለው ሌላ የወይን መንደር ሂዱ። ሰው ስለሚበዛ በጠዋት ድረሱ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ብዙ ወይን ቤቶች በምሳ ሰዓት ይዘጋሉ። እኔ በኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሼ፣ የተቆለፈ በር ሥር ዳቦዬን በልቼ ተመልሻለሁ። እሑድንም አትምረጡ።