በእጅ ባትሪ ላይ ስም ማስቀረጽ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የምርቃትና የሠርግ ወቅት በተቃረበ ቁጥር ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከላሊበላ የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ትንሽ የእጅ ባትሪ ላይ ስም አስቀርጾ ስጦታ መስጠት እንዴት ይቻላል? የቅርጽ ሥራ እንጀራዬ ስለሆነ የማውቀውን በደስታ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን የማምንበትን ልናገር። ገንዘባችሁን መጀመሪያ ለጥሩ ባትሪ አውሉት። በሁለት ወር የሚሞት ባትሪ ላይ የተቀረጸ ስም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ታናሽ ወንድሜ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ ነው። ጥቁር የብረት ባትሪ ገዝቼለታለሁ። ጽሑፉ ውሎ አድሮ ይለቅ ይሆን?

እንኳን ደስ ያላችሁ። የገዛኸው ቀለል ያለ ከሆነ ብረት ሳይሆን አሉሚኒየም ነው፤ ጥቁረቱም ብዙውን ጊዜ የተቀባ ቀለም አይደለም። አኖዳይዝ የሚባለው አሠራር ነው፦ አሉሚኒየሙ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ገጹ ወደ ጠንካራ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ በገጹ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀለም ይጠጡና ይደፈናሉ። ጽሑፉን የሚቀርጸው ኃይለኛ ብርሃን፣ ማለትም ሌዘሩ፣ ሲያርፍበት ያንን ቀለም ስለሚያነጣው ፊደሉ ነጭ ወይም ብርማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አብሽር፣ እንደ ቀለም አይላጥም። በጥቁር ላይ ከሁሉም ይበልጥ ያምራል። ርካሽና በእርግጥም ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን የፊደሉ ዳር እየተቀረፈ ሊሄድ ይችላል። ለመለየት ከኋላ ክዳኑ ሥር፣ በማይታይበት ቦታ፣ በመርፌ ጫፍ ጫር አድርገህ እየው። ተቀቢ ቀለም ቶሎ ይቀረፋል።

ደሴ ውስጥ አንድ ማኅተም የሚቀርጽ ቤት ጠይቄ «የእኛ ማሽን ለእንጨት ነው» አሉኝ። ተስፋ ልቁረጥ?

አትቁረጪ፣ እህቴ። የእንጨቱ ማሽን ብዙውን ጊዜ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው፤ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 10.6 ማይክሮሜትር ስለሆነ ያልተቀባ ብረት አብዛኛውን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ለብረት የተሠራው ፋይበር ሌዘር ነው፤ የእሱ 1.06 ማይክሮሜትር ነው። የአንቺ ባትሪ አኖዳይዝ የሆነ አሉሚኒየም ከሆነ ግን የእንጨቱም ማሽን ቀለሙን ማንጣት ይችላል። መጀመሪያ በኋላ ክዳኑ ላይ አንዲት ነጥብ እንዲሞክሩልሽ ጠይቂ። ነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ከሆነ ዋንጫና ሜዳልያ የሚሠሩትን ጠይቂ፤ ቀለበት ላይ ስም የሚቀርጽ ጌጣጌጥ ሠሪም በእጁ ሊሠራልሽ ይችላል። በእጅ የተቀረጸ ነሐስ እኔ በግሌ ከሌዘሩ አስበልጬ እወደዋለሁ።

አደራ፣ የትም ብትሄዱ ድንጋዩን አውጥታችሁ ስጡ። በተለይ የሚሞላ ሊቲየም ከሆነ ከነድንጋዩ ሌዘር ሥር መግባት የለበትም።

ከሐይቅ ነኝ፤ ጡረተኛ ነኝ። ለባለቤቴ አራት ስንኝ ግጥም ማስቀረጽ እፈልጋለሁ። ይበቃል ይላሉ?

አባቴ፣ ግጥሙን በወረቀት ጽፈው ከስጦታው ጋር ይስጧቸው፤ ባትሪው ላይ አንድ ስንኝ፣ ቢቻል ሦስት ወይም አራት ቃል ብቻ ይሁን። ምክንያቱን ላስረዳዎት። ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር የሆነ ባትሪ ዙሪያው 63 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሳያሽከረክሩት በደንብ የሚነበበው ሲሶው፣ ማለትም 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በዚያ ላይ ገላው ለመጨበጫ እንዲመች የተሸነተረ ስለሆነ ለጽሑፍ የሚሆነው ለስላሳ ቦታ ጠባብ ነው። ጽሑፉን በቁመቱ ያስኪዱት፤ የፊደሉም ቁመት ከ3 ሚሊሜትር አይነስ። የእኛ ፊደል ሉን ከሊ፣ ቡን ከቢ የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ሲያንስ ቅጥያው ይጠፋል፣ ስሙም ሌላ ይሆናል። ባለቤትዎ ያለ መነጽር እንዲያነቡት ከፈለጉ 4 ሚሊሜትር ያድርጉት።

የላክሁት ጽሑፍ የቀራጩ ኮምፒውተር ላይ አራት ማዕዘን ሣጥን ሆኖ ታየ። ምን ላድርግ?

የእሱ ኮምፒውተር አንቺ የጻፍሽበት የፊደል ዓይነት የለውም ማለት ነው። ጽሑፉን ወደ ሥዕል መስመር (በእንግሊዝኛ outlines ወይም curves ወደሚባለው) ቀይረሽ ላኪለት፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ኮምፒውተር እንዳለ ያየዋል። ቀጫጭን መስመር ያለበትን ፊደል ተዪው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ውፍረቱ እኩል የሆነ ፊደል በትንሹም ጥርት ብሎ ይወጣል። የስሙን አጻጻፍም ከመታወቂያው ወይም ከራሱ ከባለቤቱ አረጋግጪ። ሐሰን በየትኛው «ሐ» እንደሚጻፍ የሚያውቀው ሐሰን ነው።

የሠርጋችንን ዓመት በግእዝ ቁጥር ብናደርገውስ?

ያምራል፣ ነገር ግን ተጠንቀቁ። በግእዝ ቁጥር ዜሮ የለም፤ 2018 የሚጻፈው ፳፻፲፰ ተብሎ ነው፦ ሃያ መቶ ከአሥራ ስምንት። ፪፻፲፰ ብላችሁ ብታስቀርጹ 218 ሆኖ ይቀራል፤ ሌዘር ደግሞ ላጲስ የለውም። ዓመቱ በኛ አቆጣጠር መሆኑ እንዲታወቅ «ዓ.ም.» ጨምሩበት።

ለአባቴ የቁርኣን አንቀጽ፣ ለጎረቤታችን ደግሞ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ማስቀረጽ አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ሐሳብሽ መልካም ነው፤ እኔ ግን አልመክርሽም። የእጅ ባትሪ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ይዘውት የሚሄዱት ዕቃ ነው፤ ጭቃ ላይ ይወድቃል፣ ከጫማ አጠገብ ይቀመጣል። ቅዱስ ቃል እንዲህ ባለ ቦታ ሲገኝ አባትሽም ጎረቤታችሁም ቅር ይላቸዋል፤ ተሳቅቀውም ሳይጠቀሙበት ሊያስቀምጡት ይችላሉ። ስማቸውንና የራስሽን ምርቃት አስቀርጪ፤ «ለአባባ፣ ዕድሜና ጤና» ብትዪ ይበቃል። ጥቅሱን በሚሰቀል ሰሌዳ ላይ አሠሪላቸው።

የእናቴን የእጅ ጽሑፍ እንዳለ ማስቀረጽ ይቻላል?

ይቻላል፤ ከሁሉም የምወደው ሥራ ይህ ነው። እናትህ መስመር በሌለው ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ወፍራም እስክሪብቶ ይጻፉ፤ ትልቅ አድርገው ይጻፉት፣ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። በቀን ብርሃን፣ ጥላህ ሳያርፍበት፣ ስልክህን ከላይ ቀጥ አድርገህ አንሣው። የእጃቸው መንቀጥቀጥ ቢታይበት ቀራጩ እንዳያስተካክለው ንገረው። «ጎበጥ ብሏል፣ ላቅናው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እምቢ በል።

በፀሐይ የሚሞላ የፕላስቲክ ባትሪስ?

ፕላስቲክ በሌዘር ይቀልጣል ወይም አረፋ ያወጣል። ስሙን በትንሽ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ አስቀርጸህ ማንጠልጠያው ላይ እሰረው። የባትሪ ማኅደር የምትጨምር ከሆነም እውነተኛ ቆዳ ይሁን፤ ቆዳ መስሎ የሚሸጠው ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ በሌዘር ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝ ሳንባም ማሽንም ይጎዳል።

ላሊበላ አስጎብኚ ለሆነ ጓደኛዬ ምን ዓይነት ልምረጥ?

ብርሃኑ ለስለስ ያለና ሞቅ ያለ ቀለም ያለው፣ 3000 ኬልቪን አካባቢ፣ ቀለምን በትክክል የማሳያ መለኪያው (CRI) ደግሞ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ምረጥ። የቤተ ማርያም ሥዕሎች በሰማያዊ ነጭ ብርሃን ደብዝዘው ይታያሉ። ኃይሉን ዝቅ ማድረግ የሚቻልበት ይሁን፤ በጨለማው መተላለፊያ ውስጥ የሚያስፈልገው እግር የሚረግጥበትን ማየት ነው፣ ኃይለኛ ብርሃን የፊተኛውን ሰው ዓይን ይወጋል።

ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይዤው ልሄድ ነው። ይከለክሉኛል?

ባትሪውን አይከለክሉህም። ትርፍ የሊቲየም ድንጋይ ካለህ ግን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነህ በእጅ ቦርሳህ ያዘው።