ጀማል እንዴት ገማል ሆነ?

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ዓረብኛ ተምሬ ዜናውን ደህና አድርጌ እከታተላለሁ። የግብፅ ተከታታይ ድራማ ሲከፈት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልይዝም። አስተማሪዬ «የተበላሸ ዓረብኛ ነው፣ ተዪው» ይሉኛል። እውነት ነው? ከየት ልጀምር?
አንባቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ የተበላሸ አይደለም፤ ካይሮ ቤቷ የምትናገረው ነው። እርስዎ የተማሩት ፉስሃ የመጽሐፍና የዜና ቋንቋ ነው፤ ከእናቱ ጉያ የለመደው ሰው የለም።

መጀመሪያ ጆሮዎን ያስተካክሉ። ካይሮ «ጀ»ን «ገ» ትላለች፤ የሰፈራችን ጀማል እዚያ ገማል ነው። «ቀ»ን ትውጣለች፤ እኛም የምንለው ቀልብ (በዓረብኛ ልብ ማለት ነው) «አልብ» ይሆናል። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፦ «ቀ»ን ሳይመልሱ የፉስሃ መዝገበ ቃላት ቢገልጡ ቃሉን አያገኙትም። የጥያቄ ቃል ወደ መጨረሻ ይሄዳል፤ «ዓውዝ ኤህ?» ምን ትፈልጋለህ ነው። አሉታው ደግሞ እንደ አማርኛችን «አል…ም» ግሱን ከሁለት ወገን ይይዛል፦ «ማዕረፍሽ»፣ አላውቅም።

ወጥመድ አለ። ከላይኛው ግብፅ፣ ማለትም ከደቡቡ፣ የመጣው ገጸ ባሕርይ (ሰዒዲ ይሉታል) «ቀ»ን «ገ» ይላል፣ «ጀ»ን ግን አይነካም። ልብ «ገልብ» ሲባል ከሰሙ ደራሲው ሰውየው ከየት እንደመጣ እየነገረዎት ነው። አገሬው ማን ከተሜ፣ ማን ገጠሬ እንደሆነ በድራማው የሚለየው ከልብሱ ይልቅ በዚህ ነው።

ይህ አነጋገር ክብር ያገኘው በስክሪንና በሬዲዮ ነው። ባንክ ምስር («ምስር» በዓረብኛ ግብፅ ነው) ያቋቋመው የፊልም ስቱዲዮ፣ ስቱዲዮ ምስር፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ ፊደል ያልቆጠረው ተመልካች ፊልሙን የሚረዳው በራሱ ቋንቋ ነበር። «የዓረቦች ድምፅ» ሬዲዮ በ1953፣ ቴሌቪዥን በ1960 ተከተሉ። የግብፁ መሪ ራሱ ገማል ዓብደልናስር ንግግሩን በፉስሃ ይጀምርና ሕዝቡን ሊያስቅ ወይም ሊያስቆጣ ሲፈልግ ወደ ካይሮኛው ይወርድ ነበር። ግብፃዊነት በሁለቱም ቋንቋ ይነገራል፤ አስተማሪዎ አንዱን ብቻ ቆጥረዋል።

ለጅምር የዘመኑን የቤተሰብ ድራማ ይምረጡ። የረመዳን ተከታታይ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 30 ክፍል ገደማ ስለሆነ ተዋንያኑን ይለምዷቸዋል። በቀን 10 ደቂቃ ብቻ፣ ያንኑ ሁለቴ፤ ያመለጠዎትን በሰሙት ድምፅ ይጻፉና «ቀ»ና «ጀ»ን መልሰው ይፈልጉ። ታሪካዊ ድራማ በአመዛኙ በፉስሃ ስለሚሠራ ለዚህ አይጠቅምዎትም። የቱርክ ድራማም ብዙው በሶርያ አነጋገር የተቀዳ ስለሆነ ለጊዜው ይለፉት። የመድረክ ኮሜዲን ከሁሉ መጨረሻ ያድርጉት፤ ሳቁ ራሱ ቃሉን ይውጠዋል።