ባሕር ዳር ላይ ውሃ 97 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል

እህቴ፣ የአፍ ካንሰር ናሙና ላይ ፒዲ-ኤል1 (ለኢሚውኖቴራፒ ሕክምና ውሳኔ፣ ለይቶ በሚይዘው አንቲቦዲ ቀለም የሚፈለግ ፕሮቲን) ስትሠሩ መመሪያውን («በ97 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ») ተከትላችሁም ቀለሙ ለምን እንደሚደበዝዝ፣ አንዳንዴም ጤነኛው የድድ ሽፋን ሳይቀር ለምን ቡኒ እንደሚሆን ጠይቀሻል። የሁለቱ ምክንያት ለየቅል ነው።

ለመደብዘዙ መጀመሪያ ቴርሞሜትር ቡፈሩ (ስላይዱ የሚሞቅበት ፈሳሽ) ውስጥ ክተቺ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክዳኑ በማይታፈን ወተር ባዝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማሽኑን 97 ላይ ብትሞይውም ስላይዱ ያን ሙቀት አያገኝም። ፎርማሊን ያሰረውን ፕሮቲን የሚፈታው ሙቀቱ ስለሆነ፣ ሲያንስ አንቲቦዲው የሚይዝበት ቦታ እንደተሸፈነ ይቀራል። ፕሬሸር ኩከር ካለ እሱን ተጠቀሚ። ከሌለ በትሪስ-ኢዲቲኤ ቡፈር ፒኤች 9 ላይ 20፣ 30 እና 40 ደቂቃን ለመቆጣጠሪያ በሚያገለግል የቶንሲል ቁራጭ አወዳድሪ፤ የሚተነውን በሙቅ ቡፈር እየተካሽ፣ ምክንያቱም ስላይድ ከደረቀ ጠርዙ የውሸት ቀለም ይይዛል። የቶንሲሉ ክሪፕት (ጎድጓዳ ስንጥቅ) ሽፋን ደምቆ፣ የጀርሚናል ሴንተሩ (የመከላከያ ሴሎች የሚባዙበት ክብ ስፍራ) ማክሮፋጆች፣ ማለትም ባዕድ ነገር የሚውጡት ሴሎች፣ ቀለል ብለው ካልወጡ የታካሚውን ስላይድ አታንብቢ። የተቀየረው ጊዜ ደግሞ ውጤታቸው በታወቀ ናሙናዎች ሳይረጋገጥ ለሕክምና ውሳኔ አይዋል።

ብሎኩ (በሰም የተቀበረው ናሙና) ከመነሻው ከተበላሸ ግን ይህ ሁሉ አያድነውም። ከደብረ ታቦር ወይም ከእንጅባራ በመኪና የሚመጣ ናሙና ፎርማሊን የገባበት ሰዓት ዕቃው ላይ ይጻፍ፦ 10 ፐርሰንት ኒውትራል ፎርማሊን፣ ከናሙናው 10 እጥፍ፣ ከ6 እስከ 72 ሰዓት።

ቡኒው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሜላኒን ነው። የእኛ ሰው ድድና ጉንጭ በተፈጥሮው ሜላኒን አለው፣ አንቲቦዲው የያዘበትን ቦታ የሚያሳየው የዳብ ቀለምም ቡኒ ነው። አንቲቦዲ ባልገባበት ስላይድ ላይም በሽፋኑ የታችኛው ረድፍ ቅንጣት ቅንጣት ሆኖ ከታየ እሱ ነው። አደገኛው ግን ሜላኒን የዋጡት ማክሮፋጆች ናቸው፤ ከሽፋኑ ሥር ተቀምጠው ፖዚቲቭ ይመስላሉ፣ ከተቆጠሩም ሲፒኤሱን (የፒዲ-ኤል1 ውጤት የሚገለጽበትን ነጥብ) ያለአግባብ ከፍ ያደርጋሉ። በዚህ ጊዜ ዳብን ትተሽ ቀይ የሚያወጣውን ኤኢሲ ተጠቀሚ፤ አልኮል ስለሚያጥበው በውሃ ላይ የተመሠረተ ማጣበቂያ ይፈልጋል።

ሲፒኤሱን ለማግኘት ስትቆጥሪ ፖዚቲቭ የካንሰር ሴሎች፣ ሊምፎሳይቶችና ማክሮፋጆች ተደምረው ለሕያዋን የካንሰር ሴሎች ይካፈላሉ፣ በ100 ይባዛሉ። ኒውትሮፊል፣ ፕላዝማ ሴልና ፋይብሮብላስት አይገቡም፤ የአፍ ዕጢ ገጹ ስለሚቆስል ኒውትሮፊል እዚያ ይበዛል፣ ተጠንቀቂ። ሕክምናን የሚወስኑት 1 እና 20 ስለሆኑ እዚያ አካባቢ የወደቀ ውጤት ሁለተኛ ሰው ለብቻው ይቁጠረው። ከ100 ያነሱ ሕያው የካንሰር ሴሎች ካሉ ሌላ ብሎክ ጠይቂ።