ኮምፒውተር አሁን ልግዛ ወይስ አዲስ ሞዴል ልጠብቅ ላልከው

ላፕቶፕህ የ4ኬ ቪዲዮ ኤዲት ስታደርግ እየተንቀረፈፈ አስቸግሮሃል። እኔ ብሆን ከመግዛቴ በፊት የሚያንቀረፍፈው ምን እንደሆነ አጣራለሁ።

ኤዲት እያደረግክ ታስክ ማናጀርን (ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪውና ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዙ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ፕሮግራም) ክፈትና ቪዲዮውን አጫውት። ሜሞሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ዲስኩም ፋታ ካጣ የጎደለህ ራም፣ ማለትም ያው ሜሞሪ ነው። ላፕቶፕህ ራም የሚያስጨምር ከሆነ በትንሽ ወጪ ትገላገላለህ።

ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ከነካ ግን የፋይሉን ዓይነት እይ። ብዙ ስልክና ካሜራ ኤች.265 በሚባል የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ ነው የሚቀዳው። ቦታ ይቆጥባል፣ ለኮምፒውተሩ ግን ከባድ ሸክም ነው። እኔም በዚህ ተማርሬ ልገዛ ስል ፕሮክሲ ሞከርኩ። ፕሮክሲ ማለት ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሠራ ቀለል ያለ ቅጂ ነው፤ ኤክስፖርት ስታደርግ ዋናው ፋይል ይመለሳል። የኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ ዳቪንቺ ሪዞልቭም ፕሪሚየርም ፕሮክሲ አላቸው። ያ እየቆመ እየሄደ ያበገነኝ ቃለ መጠይቅ እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ። በዚያው ላፕቶፕ ከአንድ ዓመት በላይ ሠራሁ።

ይህን ሁሉ አድርገህም የማስረከቢያ ቀን እያለፈብህ ከሆነ ግዛ፣ አትጠብቅ። አዲስ ሞዴል ሁሌም ሊወጣ ነው። ሊወጣ የቀረው ጥቂት ሳምንት ከሆነ ብቻ ታገስ፤ ያኔ የቀድሞው ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል። ስትገዛ ከ32 ጊጋባይት ራም አትውረድ። ካሜራህ በ10 ቢት 4:2:2 (ብዙ የቀለም መረጃ በሚይዝ አቀራረጽ) የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ ሃርድዌሩ እሱን በቀጥታ ማጫወት መቻሉን ሳታረጋግጥ ገንዘብህን እንዳታወጣ። ብዙ ሰው የሚቆጨው እዚህ ላይ ነው።

የላፕቶፕህን ሞዴልና የካሜራህን ዓይነት ጻፍልኝ፣ አብረን እናያለን።