ሚስተር ፓዲ የትኛው ፓዲ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። የእናቴ አባት አይሪሽ ነበር ይባላል። አያቴ «ሚስተር ፓዲ» ነበር የምትለው። ከጃንሆይ ጋር በቡሬ በኩል ገብቶ ማርቆስ ከረመ፣ እናቴ ሳትወለድ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። እናቴ የተወለደችው ጥር 1936 ዓ.ም. ነው፤ የምትጠራውም በአያቴ አባት ስም ነው። አያቴ ካረፈች ቆይታለች። በእጃችን ያለው አንድ የናስ የኮት ቁልፍ ብቻ ሲሆን ክራር የመሰለ ነገር ከነዘውዱ ተቀርጾበታል። እናቴ «ሳልሞት የማን ልጅ እንደሆንሁ ልወቅ» ትላለች። ጎረቤት ደግሞ «ፓስፖርት ፍለጋ ነው» ይለናል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ መጥፎውን ልንገርሽ። ፓዲ የፓትሪክ ቁልምጫ ነው፤ ግን እንግሊዞች አይሪሹን ሁሉ፣ ስሙ ጆንም ሆነ ማይክል፣ ፓዲ ይሉት ነበር። ስለዚህ በእጅሽ ያለው ስም ጨርሶ ስሙ ላይሆን ይችላል።

ቁልፉ ላይ ያለው ክራር አይደለም፣ በገና ነው። በገና የአየርላንድ ምልክት ነው። የዛሬዋ አየርላንድ በገና ግን ዘውድ የለውም፤ ዘውድ የደፋው ለእንግሊዝ ንጉሥ የሚዋጉ አይሪሾች የሚያደርጉት ነው። ሮያል አልስተር ራይፍልስ የተባለው የእንግሊዝ ጦር ክፍል መለያ እንዲህ ያለ ነበር፣ ሌሎችም ስለነበራቸው ግን በዚህ ብቻ አትፍረጂ። ከፊትም ከጀርባም በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሺው። ጀርባው ላይ ጥቃቅን ፊደል ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው ስምና ከተማ ነው። አደራ፣ በአመድ እንዳትወለውዪው!

አሁን ወደ ቀኑ። ጥር 1936 በፈረንጅ ጥር 1944 አካባቢ ነው። ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ቁጠሪ፤ ሰውየው በፈረንጅ 1943 ሚያዝያ ገደማ ማርቆስ ነበር ማለት ነው። ጃንሆይ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ አብሯቸው የነበረው፣ የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት የጌዴዎን ጦር ደግሞ በዚያው ዓመት ተበትኗል። ስለዚህ «ከጃንሆይ ጋር ገባ» የሚለው ወይ ከተበተነ በኋላ የቀረ ሰው ነው፣ ወይ በቤት ወሬ ላይ የተጨመረ ነው። እኔ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው። ከ1942 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. የእኛን ጦር ያሠለጠነ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ነበር፤ ፍለጋሽን እዚያ አድርጊ። አያትሽ አልዋሹም ለማለት ያህል፣ ፈረንጅ ወታደር ሁሉ በሕዝቡ አፍ «የጃንሆይ» ነበር።

ስሙ ሳይታወቅ የለንደን መዝገብ አይረዳሽም። የወታደሮቹ የግል ማኅደር ለንደን ኪው ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እየተዛወረ ነው፣ የሚፈለገው ግን በስምና በልደት ቀን ነው። ስለዚህ ስሙን የሚያመጣልሽ የእናትሽ ምራቅ ነው። ከደማቸው ግማሹ የእሱ ነው፣ ካንቺ ግን ሩብ ገደማ ብቻ። ውጭ ያለ ዘመድ የዲኤንኤ መመርመሪያውን ያምጣላችሁ። ከመትፋታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ምንም አይበሉም፣ አይጠጡም፤ ቡናው ሳይፈላ ጨርሱት። ምርመራው የእናትሽን ዲኤንኤ መዝገቡ ውስጥ ካሉ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ዘመድ ያወጣል። የጎጃም ዘመዶቻችን እዚያ መዝገብ ውስጥ እምብዛም የሉም፣ አይሪሾች ግን በአሜሪካም በአውስትራሊያም በብዛት ስለተመረመሩ፣ ቅርብ ሆኖ የሚወጣው ሰው በፓዲ በኩል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ያ ሰው የቤተሰብ ስም ይሰጥሻል። እነሱ እንደኛ በአባት ስም አይጠሩም፣ የቤተሰብ ስም ይወርሳሉ። «ኦ» የሚል ካየሽ ድሮ ትርጉሙ የልጅ ልጅ ነው፣ «ማክ» ደግሞ ልጅ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ይቀላል። በ1922 (ከዚህ ወዲያ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ደብሊን ውስጥ የመዝገብ ቤቱ ተቃጥሎ ብዙ ወረቀት ጠፍቷል፤ ሰው «ሁሉም ተቃጠለ» ሲል አትስሚ ግን። ከ1864 ጀምሮ ያለው የልደት መዝገብ አለ፤ መቶ ዓመት ያለፈው በነጻ በኢንተርኔት ይታያል። የ1901 እና የ1911 ቆጠራም ሙሉ አለ። ሰውየው በ1943 የ25 ዓመት ጎልማሳ ከነበረ 1911 ላይ ገና አልተወለደም፣ ወላጆቹና ታላላቆቹ ግን ቤታቸው በር ላይ ተቆጥረው ታገኛቸዋለሽ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ማንበብ መቻል አለመቻል ሳይቀር።

የጎረቤትሽን ነገር፣ እውነት ለመናገር ሕጉ አለ፤ አያቱ አየርላንድ የተወለደ ሰው ተመዝግቦ ዜግነት ሊያገኝ ይችላል። ግን የአያት፣ የእናት፣ የራስሽ የልደት ወረቀት ይጠየቃል፣ የእናትሽ ወረቀት ላይ ደግሞ የአባታቸው ስም የለም። በዚህ ተስፋ ለደላላ አንድ ብር እንዳትሰጪ። እናትሽን ግን አሁኑኑ፣ ይኼን ሳምንት፣ ቁጭ አድርገሽ ስለ አያትሽ የሚያስታውሱትን ሁሉ በስልክ ቅጂ። የእናትሽ የክርስትና እናት ማን ነበሩ? ልጆቻቸው የት አሉ? ፓዲን በዓይናቸው ያየ ሰው ካለ ከዚያ ቤት ነው።