ሐይቅን ልጎብኝ ላላችሁ፦ የጠየቃችሁትና መልሴ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ሄዳችሁ ስለምታገኟት፣ በስሟ ከሚጠራው ሐይቅ አጠገብ ስላለችው ሐይቅ ከተማ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ብዙ ነው፤ አብሽሩ፣ የሚመሳሰለውን እያጣመርኩ እመልሳለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ተሁለደሬ ወረዳ ነው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ደሴ እመጣለሁ። ሐይቅን ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃኛል?

ለአሳ ጥብስና ለፎቶ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው፤ ውኃው ዳር ምሳ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ደሴ ይመለሳል። እኔን የሚቆጨኝም ይህ ነው። እስጢፋኖስ ገዳምን ሳያይ የተመለሰ ሰው ሐይቅን አየሁ ባይል እመርጣለሁ። ጠዋት ተነሥታችሁ መጀመሪያ ወደ ገዳሙ ሂዱ፣ ምሳውን ከዚያ በኋላ አድርጉት። ከተቻለ እደሩ።

ጥያቄ፦ ከደሴ በምን እሄዳለሁ?

ከመናኸሪያው ሚኒባስ አለ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ በቦሩ ሜዳ በኩል አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ከደሴ ብርድ ወጥታችሁ ስትወርዱ አየሩ እየሞቀ ይመጣል። ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ባጃጅ ያዙና ወደ ውኃው ውረዱ፤ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። በአውሮፕላን የምትመጡ የምታርፉት ኮምቦልቻ ነው።

ጥያቄ፦ ገዳሙን ይህን ያህል የምታነሣው ለምንድን ነው? በአገራችን ገዳም ሞልቷል።

ሞልቷል፤ እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በአገር ታሪክ ላይ የከበደ ግን ጥቂት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው መጥተው በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገዳሙን የትምህርት ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስን ከመመሥረታቸው በፊት እዚህ የኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር ነበሩ። በ1262 ዓ.ም. የነገሠው ይኩኖ አምላክም በልጅነቱ እዚሁ እንደተማረ ትውፊቱ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ለረጅም ዘመን በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ዛሬ ሰው አሳ በልቶ የሚያልፍባት ከተማ አጠገብ ንጉሥም ጻድቅም ፊደል ቆጥረዋል።

በኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈ፣ የእሳቸው ሥዕል ያለበት የወንጌል ብራናም የዚህ ገዳም ነው። ዕድሜው ከ700 ዓመት በላይ ነው። አሳዩን ብላችሁ ግን አባቶችን አታስጨንቁ። የብራና ቅርስ በተገለጠ ቁጥር ይጎዳል፤ የሚያሳዩአችሁን በአክብሮት ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ እኅትህ ነኝ ከኮምቦልቻ። ሴት አይገባም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው እኅቴ፣ የወንዶቹ ገዳም ሴት አያስገባም። ይህን ሳይነግሯቸው ከሩቅ አምጥተው በር ላይ የሚያቆሟቸው እህቶች ያሳዝኑኛል፤ ይዞ የሚመጣው ሰው አስቀድሞ መናገር ነበረበት። በአቅራቢያው የሴቶች ገዳም አለ፤ እዚያ ተሳልመሽ መነኮሳይያቱን ማነጋገር ትችያለሽ። በታንኳ ወደ ውኃው ከወጣሽ ደግሞ ገዳሙ ያለበትን ደን ከፊት ለፊት ታይዋለሽ። ባልሽና ወንድሞችሽ ገብተው እስኪወጡ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠሽ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ብሄድ ቅር ይላቸዋል?

ኧረ ወንድሜ! የወረዳው አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። ገዳሙ እዚህ ሕዝብ መሀል ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው። ወደ ቅጥሩ ስትደርስ ሰላም ብለህ ጎብኚ መሆንህን ተናገር፤ ጫማ አውልቅ ሲሉህ አውልቅ፣ እስከዚህ ድረስ ሲሉህ እዚያው ቁም። ለክርስቲያኑም የምለው ይህንኑ ነው። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ሁላችሁም አስፈቅዱ።

ጥያቄ፦ ገዳሙ ደሴት ላይ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ሌላው ደግሞ በእግር ይገባል ይላል።

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ዘመኑ ነው የተለያየው። በ16ኛው መቶ ዘመን ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ሲያየው በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። በኋላ ውኃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተያያዘ፤ ዛሬ በእግርም በመኪናም ይገባል።

ሽማግሌዎች ስለ አፈጣጠሩ የሚያወሩትም አለ። አንዲት እመቤት ነፍሰ ጡር ሴትን በደለች፤ እግዜር ተቆጥቶ ዙሪያውን ውኃ አደረገው፤ እመቤቲቱም ከነዘመዶቿ ሰጠመች፤ የተበደለችው የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች ይላሉ። ገዳሙ የቆመው እዚያች መሬት ላይ ነው ማለት ነው። ሐይቅ ሄዳችሁ ይህን ከአንድ አዛውንት አፍ ሳትሰሙ አትመለሱ፤ እኔ ያሳጠርኩትን እነሱ ያስረዝሙታል።

ጥያቄ፦ ዋና ይቻላል?

ዋና የማትችሉ አትሞክሩት። ውኃው ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ልጆችን ዳር ላይም ቢሆን ለብቻቸው አትልቀቁ። ታንኳ ስትይዙ የሕይወት አድን ጃኬት ጠይቁ፤ ከሌለ ከዳር አትራቁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሐይቃችን ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። የውኃ ፕላስቲካችሁንና የጫት ገረባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። አሳ አጥማጁ የሚኖረው በዚህ ውኃ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው ወር ይሻላል?

ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ። ተራራው አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። የወሎ በልግ ከየካቲት ጀምሮ ሊዘንብ ስለሚችል ያን ጊዜ ጃንጥላ አይለያችሁ። ክብረ በዓል ማየት የሚፈልግ ጥቅምት 17 ወይም ጥር 1 ለእስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 ለአባ ኢየሱስ ሞዓ ይምጣ። ሕዝቡ ብዙ ስለሚሆን ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ቀን ካለኝ የት ልጨምር?

ወደ ሰሜን ወደ ውጫሌ ቀጥል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አጼ ምኒልክና ጣልያን የተዋዋሉት፣ በኋላ በአንቀጽ 17 ምክንያት ለዐድዋ ያበቃው ውል የተፈረመው እዚያ አምባሰል ውስጥ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ነው። ጸጥታ የሚወድ ደግሞ ከሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ያለውን አርዲቦ የተባለውን ሐይቅ ይይ፤ ሰው አይበዛበትም። ቀኑ ሰኞ ከሆነ የባቲ ገበያ አለ፤ እሱ ግን በኮምቦልቻ በኩል ስለሆነ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጸጥታውስ? ቤተሰቤ ፈርቷል።

ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንም ሐይቅንም አዳርሷል፤ ከዚያ ወዲህም መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ከወር በፊት በሰማችሁት ወሬ ተማምናችሁ አትነሡ። በዋዜማው ደሴ ለሚያውቃችሁ ሰው ደውሉ፤ ጠዋት ደግሞ መናኸሪያ ላይ ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ የዕለቱን መንገድ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዛሬ አይሆንም ካሏችሁ ደሴ ዋሉ። ይሆናል ካሏችሁ በጠዋቱ ሂዱ፣ ሳይመሽ ደግሞ ወይ ማደሪያችሁ ግቡ ወይ ደሴ ተመለሱ። ማታ መንገድ ላይ አትሁኑ።